በዕድሜ የገፋ ስፖርት ሞተር ሳይክል ፍሬን፦ የእጀታው ስሜትና ጥገናው

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ የጃፓን ስፖርት ሞተር ሳይክሎች ዛሬም ከመንገድ አልወጡም። በ1992 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ፋየርብሌድ፣ በ1996 የወጡት ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 750 እና ካዋሳኪ ዜድኤክስ-7አር፣ በ1998 የተከተለው ያማሃ አር1 ሁሉም ከፊት ሁለት ዲስክና ባለአራት ወይም ባለስድስት ፒስተን ካሊፐር (ሸራ የሚባሉትን መፈግፈጊያዎች በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ይዘው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ይህም ለክብደታቸውና ለፍጥነታቸው የሚመጥን ፍሬን ነው። ከእነዚህ አንዱን ዛሬ በሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እጀታው እስከ መሪው ድረስ የሚሰምጥ፣ አለዚያም እጀታው ድርቅ ብሎ ሞተሩን በቅጡ የማያቆም ፍሬን ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ባለንብረት ፍሬኑ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር ብሎ ይደመድምና ትልቅ ፓምፕ ወይም ከሌላ ሞዴል የተወሰደ ካሊፐር መፈለግ ይጀምራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሐሳብ የተለየ ነው። በዕድሜ የገፋ ሞተር ሳይክል ፍሬን የሚደክመው በአብዛኛው ዘይቱ ስላረጀ፣ ቱቦው ስለላላ፣ ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት) ስለደረቀና ፒስተኑ ስለተያዘ ነው። እነዚህ በቅደም ተከተል ወደ ነበሩበት ሳይመለሱ የሚገዛ አዲስ ዕቃ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ዋናውን ችግር ይሸፍናል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ፍሬን የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ከተገለጸው የትኛውንም ሥራ በራሱ ለመሥራት የሚያመነታ ሰው ለታመነ መካኒክ ቢሰጠው ይሻላል፤ በዚያም ጊዜ ምን መሠራት እንዳለበት ማወቁ ይጠቅመዋል።

እጀታው የሚናገረው

እጀታው ሲጫን በፓምፑ ውስጥ ያለው ትንሽ ፒስተን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በቱቦው አልፎ በካሊፐሩ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ፒስተኖች ይገፋና ሸራዎቹ ዲስኩን ጨምቀው ይይዙታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው የመመለሻውን መንገድ ነው። በካሊፐር ውስጥ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስብ ሞላ የለም። ፒስተኑን ዙሪያውን የያዘው ጎሚኒ ቢቆረጥ ፊቱ ባለአራት ማዕዘን የሆነ ቀለበት ሲሆን ፒስተኑ ሲወጣ አብሮት በጥቂቱ ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እየተመለሰ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊሜትር ክፍልፋይ በማይበልጥ ርቀት ይስበዋል። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ በጎሚኒው ውስጥ በዝግታ ተንሸራቶ አዲስ ቦታ ይይዛል፤ በዚህ ምክንያት ሸራው ቢሳሳም እጀታው የሚሄደው መንገድ አይለወጥም።

እንግዲህ ፒስተኑ ቆሽሾ ወይም ዝጎ በጎሚኒው ውስጥ መንሸራተት ካቃተው ምን ይሆናል? ጎሚኒው ከሚገባው በላይ ይጣመማል፤ ሲለቀቅም ፒስተኑን ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይስበዋል። በሚቀጥለው ጊዜ እጀታው ይህን ክፍተት ለመሙላት ረጅም መንገድ መሄድ አለበት። ነጂው የሚሰማው አየር የገባበት ፍሬን የሚሰጠውን ልል ስሜት ነው፤ ስለዚህ ደጋግሞ አየር ያስወጣል፣ ለውጥ ግን አያገኝም። በባለስድስት ፒስተን ካሊፐሮች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት ይኸው ነው፤ አየር ለማስወጣት ከመነሣት በፊት የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ማየት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች እንዲህ ይለያሉ። እጀታው መጀመሪያ ልል ሆኖ ደጋግመው ሲጫኑት የሚጠነክር ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም ቀደም ሲል እንደተገለጸው ፒስተኖቹ ከልክ በላይ ይመለሳሉ። በቋሚ ኃይል ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ ወደ መሪው የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የሚያፈስ ቦታ መኖሩን መመርመር ይገባል፤ ፍሳሽ ካልተገኘ የፓምፑ ውስጣዊ ጎሚኒ ግፊቱን መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። እጀታው ጠንካራ ሆኖ ሞተሩ የማይቆም ከሆነ ሸራው ዘይት ነክቶታል፣ ወይም ገጽታው በሙቀት ተቃጥሎ እንደ መስተዋት ለስልሷል፣ አለዚያም ከፒስተኖቹ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይንቀሳቀሱም። ፍሬን ሲያዝ እጀታው በጣት ሥር የሚመታ ከሆነ ዲስኩ ይመርመር። ፍሬኑ ጥቂት ከተነዳ በኋላ በራሱ እየያዘ ከሄደ ግን ሞተሩን ወዲያው አቁሞ ፓምፑን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ከታች ተገልጿል።

የፍሬን ዘይት

የፍሬን ዘይት በየትኛውም ሞተር ሳይክል ላይ በብዛት የሚረሳ ነገር ነው። የብዙዎቹ የጃፓን አምራቾች ማኑዋሎች ዘይቱ በየ2 ዓመቱ፣ የጎማ ቱቦዎቹ ደግሞ በየ4 ዓመቱ እንዲቀየሩ ያዝዛሉ። ሃያ አምስት ዓመት በሞላው ሞተር ላይ ከፋብሪካ የመጣውን ቱቦ እንደተገጠመ ማግኘት ግን የተለመደ ነው።

ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ተብለው የሚጠሩት ዘይቶች መሠረታቸው ግላይኮል ሲሆን ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባሉ። እርጥበቱ በቱቦው ጎማና ከፓምፑ ጋር ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ማለትም በቋቱ፣ ክዳን በኩል በዝግታ ይገባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ነው። ለዶት 3 እነዚህ ቁጥሮች 205 እና 140፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ስለዚህ እጀታው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ መሪው ይሄዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርድ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬኑን ደጋግሞ የሚይዝ ነጂ ካሊፐሩ ለመቀዝቀዝ ፋታ አያገኝም። ውኃው ከመፍላቱም ሌላ ከውስጥ ሆኖ ፒስተኑንና የካሊፐሩን አሉሚኒየም ይበላል።

አዲስ ዘይት ጥርት ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። በቋቱ መስኮት የሚታየው ዘይት የሻይ መልክ ይዞ ከሆነ ምንም መለኪያ ሳያስፈልግ መቀየር አለበት። በማኑዋሉ ዶት 4 የታዘዘለት ሞተር ዶት 4 ይደረግለት፤ ዶት 5.1 ከእርሱ ጋር የሚስማማ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ዶት 5 ግን ስሙ ቢቀራረብም መሠረቱ ሲሊኮን ነውና ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ተራ ግራሶ ጎሚኒውን አሳብጦ ስለሚያበላሸው ወደ ፍሬን መስመር ውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ መግባት የለበትም። ተከፍቶ ከርሞ የተቀመጠ ጠርሙስም ይጣል፤ እርጥበቱን መደርደሪያ ላይ ሆኖ ስቦ ጨርሷል።

አየር ማስወጣት

መሪው የፓምፑ ቋት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይዙር፤ የነዳጅ ጋኑና የፊት መከለያው በወፍራም ጨርቅ ይሸፈኑ፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና። ዘይት ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውኃ ይታጠብ። የቋቱን ክዳን የያዙት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች የተሠሩት በጃፓን ደረጃ በመሆኑ ተራው ባለመስቀል ካቻቢቴ ጥርሳቸውን ይበላዋል፤ ለጃፓን ብሎን የተሠራ ካቻቢቴ መግዛት ከሚያስከትለው ራስ ምታት ያድናል። ከመፍታት በፊት ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ቀለል አድርጎ መምታትም ይረዳል።

አሮጌው ዘይት ከቋቱ ውስጥ በስሪንጅ ተስቦ፣ ከታች የተጠራቀመው ዝቃጭ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ፣ አዲስ ዘይት ይሞላ። በካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የ8 ሚሊሜትር ባለቀለበት ቁልፍ ይገባል፤ በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ይሰካና ሌላኛው ጫፍ ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። እጀታው በዝግታ ተጭኖ ይያዛል፣ ማስወጫው ሩብ ዙር ያህል ይከፈታል፣ እጀታው ሲወርድ ማስወጫው ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጀታው ይለቀቃል። ይህ ንጹሕና አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። በሥራው መካከል ቋቱ ባዶ ከሆነ ፓምፑ አየር ይስባልና ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።

በአሮጌ ሞተር ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ፓምፑ ለዓመታት ሲሠራ የኖረው በሲሊንደሩ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ጎሚኒ ደርሶበት የማያውቅ፣ ዝቃጭና ዝገት የያዘ ሊሆን ይችላል። አየር ሲወጣ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከተጫነ ጎሚኒው በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ አልፎ ይቆረጣል፤ ትናንት ደኅና የነበረ ፓምፕም በማግስቱ ግፊት መያዝ ያቆማል። በእጀታውና በመሪው መካከል የጣት ውፍረት ያለው እንጨት ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ ማስገባት ይህን ይከላከላል።

ከታች ያለው አየር ሁሉ ወጥቶ እጀታው አሁንም ፍጹም ካልጠነከረ የቀረው አረፋ አብዛኛውን ጊዜ የተደበቀው ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ቱቦው ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ባለቀዳዳ ቡሎን ዙሪያ ነው። አየር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች ተገፍቶ እስከ ካሊፐሩ መሄድ አይወድም። ከቡሎኑ ሥር ጨርቅ ተደርጎ፣ እጀታው ተጭኖ ሳለ ቡሎኑ በጥቂቱ ይላላና እጀታው ከመለቀቁ በፊት ይጠበቃል፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽ የአየር ፉጨት ይሰማና እጀታው በዚያው ይጠነክራል። እጀታውን በላስቲክ ከመሪው ጋር አስሮ ማሳደር ደግሞ ደቃቅ አረፋዎች ቀስ ብለው ወደ ላይ እንዲሰበሰቡ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ጠዋት ሲለቀቅ ወደ ቋቱ ይወጣሉ። ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የተያዘ ፒስተንን አይፈውስም።

ካሊፐሩ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጡት ጂኤስኤክስ-አር 750 እና ዜድኤክስ-7አር ላይ የተገጠሙት ቶኪኮ የተባለው አምራች የሠራቸው ባለስድስት ፒስተን ካሊፐሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከፊት ባሉት ሁለት ካሊፐሮች ውስጥ 12 ፒስተኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ፒስተን አንድ ግፊት የሚይዝና አንድ አቧራ የሚከለክል ጎሚኒ ስላለው ጎሚኒዎቹ 24 ይሆናሉ። ንጹሕ ሲሆኑ በደንብ ያቆማሉ። በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የሚነዱ ከሆነ ግን በየጊዜው ካልተጸዱ ከ12ቱ ብዙዎቹ መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ነጂውም ቀስ በቀስ ስለሚለምደው አያስተውለውም።

ምርመራው ቀላል ነው። ካሊፐሩ ከሾኩ ይፈታል፤ በቱቦው ላይ ግን አይንጠለጠል፣ በገመድ ወይም በሽቦ ይያዝ። ሸራዎቹ ይወጣሉ፤ የትኛው በየትኛው ወገን እንደነበረ ይታወስ። በፒስተኖቹ መካከል ስስ ጣውላ ይደረግና እጀታው በጣም በቀስታ ይጫናል። የትኞቹ ፒስተኖች ቀድመው እንደወጡ፣ የትኞቹ ዘግይተው እንደተከተሉ፣ የትኞቹ ጭራሽ እንዳልተንቀሳቀሱ በዓይን ይታያል። ፈጣኖቹ በጣውላ ተይዘው ሰነፎቹ ብቻ እንዲወጡ ይደረጋል፤ ዓላማው ሁሉም ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ወጥተው የቆሸሸው ጎናቸው እንዲታይ ነው። ከዚህ በላይ ከወጡ ይወድቃሉና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የሚታየው ቆሻሻ የሸራ ብናኝ፣ የመንገድ ጭቃና የደረቀ ዘይት ቅልቅል ነው። ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ በደረቁ በአየር አይነፋ። ከኋላ ያለውን የፒስተን ክፍል ብሩሽ አይደርስበትም፤ ለዚያ የጫማ ክር ወይም ረጅም ጨርቅ በፒስተኑ ዙሪያ አስገብቶ ወዲያና ወዲህ መሳብ ያጠራዋል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን የፒስተኑን ሽፋን ስለሚገፍ ፈጽሞ አይመከርም። ከታጠበ በኋላ በፒስተኑ ዙሪያ ለፍሬን ጎሚኒ ተብሎ የተሠራ ቀይ ግራሶ፣ እርሱ ከሌለ ጥቂት አዲስ የፍሬን ዘይት ይቀባና ፒስተኑ በእጅ ተገፍቶ ይመለሳል፤ ይህም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ፒስተኖቹ ሲመለሱ ዘይቱ ወደ ቋቱ ስለሚወጣ አስቀድሞ ጥቂት መቀነስ ይገባል። ጤነኛ ፒስተን በሁለት አውራ ጣት ግፊት፣ በእኩል ኃይልና ሳይንገራገጭ መግባት አለበት።

በእጅ አልገባም ያለ ፒስተን ካለ፣ ወይም ጎኑ ላይ ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ፣ ካሊፐሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት ይኖርበታል። ፒስተኖቹን ለማስወጣት ከሁሉ የሚሻለው የሞተሩ የራሱ ፓምፕ ነው፤ የታመቀ አየር ፒስተኑን በድንገት ወርውሮ ጣት ሊሰብር ይችላል። ፒስተኖቹ የተለያየ ስፋት ሊኖራቸው ስለሚችል እያንዳንዱ የወጣበት ቦታ ይመዝገብ። ጎሚኒዎቹ ከወጡ በኋላ የተቀመጡበትን ቦይ በደንብ ብርሃን ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ በቦዩ ግርጌ ነጭ፣ ደረቅና ጠጣር ቅርፊት ይታያል። ይህ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ቅርፊቱ እየወፈረ ጎሚኒውን ከኋላው ወደ ፒስተኑ ይገፋዋል፤ ፒስተኑም ታንቆ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቅርፊቱን ትተው አዲስ ጎሚኒና አዲስ ፒስተን የሚገጥሙ ሰዎች ካሊፐሩ እንደገና ተይዞ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ከነሐስ ወይም ከጠንካራ እንጨት በተሠራ ሹል ነገር፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሳይጭሩ፣ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣና የአሉሚኒየሙ ብረት እስኪታይ ድረስ መፋቅ አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የጥገናው ውጤት ግን ከሌላው ሁሉ በላይ በእርሱ ላይ ይመሠረታል። ጎሚኒዎቹ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ፤ ሲገጠሙም በአዲስ የፍሬን ዘይት ይራሱ። ካሊፐሩ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ በመካከል ያለችው ትንሽ የዘይት ማለፊያ ጎሚኒም አብራ ትቀየር፣ ቡሎኖቹም በማኑዋሉ በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቁ።

ፓምፑና ትንሿ ቀዳዳ

በፓምፑ ቋት ግርጌ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንደኛዋ ሰፋ ያለች ስትሆን ሌላዋ መርፌ የምታክል ናት። እጀታው በተለቀቀ ጊዜ የመስመሩን ዘይት ከቋቱ ጋር የምታገናኘው ይህች ትንሿ ናት። ዘይቱ በሙቀት ሲሰፋ ትርፉ በእርሷ በኩል ወደ ቋቱ ይመለሳል። ከተደፈነች ዘይቱ መሄጃ ያጣና ሸራዎቹን በራሱ ይገፋል፤ ሸራው ዲስኩን ሲፈግፍ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ግፊቱን ይጨምራል፣ በመጨረሻም የፊት ጎማው ሊቆለፍ ይችላል።

መክፈቷን ለማረጋገጥ የቋቱን ክዳን አንሥቶ እጀታውን በጣም በጥቂቱ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል ብቻ መጫን ነው። በዘይቱ ገጽ ላይ ቀጭን ፍንጣቂ ብቅ ካለ ቀዳዳዋ ክፍት ናት። ፍንጣቂው አንዳንዴ ከቋቱ ውጭ ስለሚዘል ፊትን ማራቅና ዓይንን በመነጽር መጠበቅ ያስፈልጋል። ምንም ካልታየ በአንዲት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ክር በቀስታ ትጠረግ። ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ አደጋ ርካሽ የገበያ እጀታዎች ናቸው፤ ፒስተኑን የሚገፋው ጫፋቸው ከዋናው በጥቂቱ የረዘመ ከሆነ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ እንዳይመለስ ያግዱታል፣ ቀዳዳዋም ዘወትር ተሸፍና ትቀራለች። አዲስ እጀታ በተገጠመ ጊዜ ሁሉ ሲለቀቅ ጥቂት ነጻ ጨዋታ እንዳለው መረጋገጥ አለበት። የእጀታው ማዞሪያ ቡሎንም ይጽዳና ግራሶ ይቀባ፤ እጀታው እዚያ ላይ ሲይዝ ስሜቱ ሁሉ ይደነዝዛል።

ፓምፕን በትልቅ ስለመተካት አንድ ስሌት መመልከት ይበቃል። የ14 ሚሊሜትር ፓምፕ የፒስተን ስፋት 154 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የ16 ሚሊሜትሩ 201 ነው። በሌላ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነ እጀታ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ኃይል፣ በትልቁ ፓምፕ የሚገኘው ግፊት በ23 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። የእጀታው መንገድ ያጥራል፣ ስሜቱም ይጠነክራል፤ ብዙ ሰው ይህን ጥንካሬ የተሻለ ፍሬን አድርጎ ይወስደዋል፤ ሞተሩን ለማቆም ግን ጣቱ የበለጠ መሥራት አለበት። ፓምፕ መቀየር ትርጉም የሚኖረው የካሊፐሩ ፒስተኖች ስፋትና የእጀታው ርዝመት አብረው ሲታሰቡ ነው።

ቱቦ፣ ሸራና ዲስክ

ያረጀ የጎማ ቱቦ በግፊት ጊዜ ያብጣል፤ ሸራውን መግፋት የነበረበት ኃይል ቱቦውን በመለጠጥ ያልቃል። ውጭው የተሰነጣጠቀ ቱቦ ዛሬውኑ ይቀየር። ውስጡ ቴፍሎን ሆኖ ውጭው በማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ ለእነዚህ ሞተሮች ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ለዋጋው ብዙ የሚመልሰው ነው፤ ርዝመቱ ግን መሪው ወደ ሁለቱም ወገን ሙሉ በሙሉ ሲዞርና የፊት ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲረዝም እንዳይወጠር ሆኖ መለካት አለበት። የመዳብ ራንዴላዎቹ በየጊዜው አዲስ ይሁኑ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሱዙኪ ካታና 1100 ደግሞ ፍሬን ሲያዝ የሾኩን መስመጥ የሚቀንስ መሣሪያ ከፍሬኑ መስመር ጋር ተያይዞለታል፤ እዚያም አየር ስለሚደበቅ በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የሚሠራ ሰው ያንንም ማስተንፈስ አለበት።

ሸራ ላይ የፍሬን ወይም የሾክ ዘይት ከደረሰ ማጠብና ማቃጠል አያድነውም፤ ይቀየር። ከመቀየሩ በፊት ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ ይታወቅ፤ የሾኩ ጎሚኒ የሚያፈስ ከሆነ አዲሱም ሸራ በሳምንቱ ይበላሻል። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት በራሱ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ በማይክሮሜትር የሚለካውም ሸራው የሚረግጠው መካከለኛ ቦታ እንጂ ያልተበላው ጠርዝ አይደለም። ተንሳፋፊ ዲስክን ከመካከለኛው ክፍል ጋር የሚያያይዙት ክብ ማያያዣዎች በብናኝ ሲደፈኑ ዲስኩ መሃል መግባት ያቅተዋል፤ በፍሬን ማጽጃ ታጥበው በእጅ እስኪንቀሳቀሱ ድረስ መዞር አለባቸው።

የፊት ጎማ ተፈትቶ ሲገጠም የሚደረግ አንድ ቀላል ነገር የፍሬኑን ስሜት ብዙ ይለውጠዋል። ዋናው አክስል ከጠበቀ በኋላ፣ ከታች አክስሉን የሚያቅፉት ትናንሽ ቡሎኖች ከመጥበቃቸው በፊት፣ የፊት ፍሬን ተይዞ ሾኩ ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ይጫን። የሾኩ እግር በዚያ ጊዜ ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል። ይህ ካልተደረገ ካሊፐሩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ዲስኩ ሸራውን እየገፋ ፒስተኑን ወደ ኋላ ስለሚመልሰው በመንገድ ላይ የመጀመሪያው የእጀታ ጭነት ባዶ ይሆናል። ያረጀ የጎማ ኩሽኔታም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣል።

የኋላው ፍሬን ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ካሊፐሩ ተንሸራታች በሆነበት ሞዴል ላይ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተጸድተው የሲሊኮን ግራሶ ይቀቡ፣ ዘይቱም ከፊቱ ጋር አብሮ ይቀየር።

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሞተሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት እጀታው እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይጫን፤ ካሊፐር ተፈትቶ በተገጠመ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጭነቶች ባዶ ናቸውና ይህን ረስቶ ከጋራዥ መውጣት ከፊት ያለው ግድግዳ ላይ ያደርሳል። አዲስ ሸራ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 20 ያህል በመካከለኛ ኃይል ደጋግሞ በመቀነስ ይለማመዳል፤ በየመካከሉ ጥቂት እየነዱ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፣ ዲስኩ ገና በጋለበት ጊዜም ፍሬኑን ይዞ መቆም አይገባም። ከዚህ ጉዞ ሲመለሱ በእያንዳንዱ የቱቦ መገናኛና የአየር ማስወጫ ላይ ነጭ ሶፍት ይጠቅለልና እጀታው በኃይል ይያዝ፤ ሶፍቱ ከረጠበ መገናኛው እንደገና ይፈተሻል። ይህ ምርመራ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጊዜ ይደገም፤ ዘይቱ የተቀየረበት ቀንም በወረቀት ተጽፎ ከመቀመጫው ሥር ይለጠፍ።